እጅ የማይገባበት ፎልደር

አፌን የጥርስ ሳሙና ሞልቶት ሳለ እህቴ ያላጠፋችውን ጥፋት ስታምን ሰማኋት። መታጠቢያ ቤታችንን ከሳሎኑ የሚለየው ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በአንዱ በኩል የተነፈሰ በሌላው በኩል ይሰማል። እህቴ ደግሞ ከአለቃዋ ጋር በስልክ ስታወራ ከአክብሮቷ ብዛት ትጮሃለች። "አይ ጋሼ፣ የእህቴ ፕሮግራም ምንም እንከን የለበትም" አለች። "እሷ የሠራችው ነገር አይሳሳትም። እኔው ነኝ የሆነ ቦታ የነካካሁት። … እሺ። የኮምፒውተር ጠጋኙ በስምንት ሰዓት መጥቶ ማሽኑን ጠራርጎ እንደ አዲስ ይጫነው፤ እሺ። … እሱም ገብቶኛል። ዛሬ የሚመጡትን ደንበኞች ራሴ ይቅርታ ጠይቄ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉን አስረክባለሁ።" ቀጥላ፣ እኔን የገደለኝ ይኼኛው ነው፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ከሥራ ለሚያሰናብታት ሰው! አረፋውን መትፋት ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

"የነካካሁት" የሚለው ቃል የእኔ ነው። እህቴ ፎቶ ቤት መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ፎቶ የሚያነሱት ባለቤቱ ናቸው፤ የተነሳውን ከካሜራው ካርድ ወደ ኮምፒውተሩ የምታስገባው፣ በየወሩና በየቀኑ ለይታ የምታስቀምጠው፣ ደንበኛው በሁለት ሳምንቱ በቀጠሮው ሲመጣ ፈልጋ የምታትመው እሷ ናት። እኔ ፕሮግራመር ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ሥራ የሚያቀልላት ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁላት፤ ካርዱን ስትሰካ ፎቶዎቹን ራሱ ይገለብጥና፣ በየቦታቸው አስቀምጦ፣ ካርዱን አጽድቶ "ተጠናቋል" ይላል። የሁለት ቀን ሥራ ነበር፤ እሷ ግን ለጎረቤት ሁሉ አንድ ዓመት ሙሉ አወራችለት። ታዲያ ከአራት ቀን በፊት እራት ላይ፣ "ሚጡ፣ ያ ፕሮግራምሽ ፎቶ ሊያጠፋ ይችላል እንዴ? የሁለት ሳምንት ሥራ የለም እኮ፤ አንድም ፎቶ የለም" አለችኝ። እኔም ከስልኬ ቀና ሳልል፣ "ፕሮግራሙ ልክ ነው እታለም። የሆነ ነገር ነካክተሽ ይሆናል" አልኳት። ሳህኗን አንስታ አጠበች፤ የእኔንም አጠበች፤ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው።

ተጉመጥሙጬ ስወጣ ሄዳለች። ጠረጴዛው ላይ ሻዬ በፔርሙዝ፣ ዳቦዬ በሳህን ተከድኖ ተቀምጧል፤ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት ወዲያውም። አኩርፋም ታበላኛለች። እኔ ባኮርፍ የእሷን ድርሻ ሳይቀር በልቼ የምወጣ ሰው ነኝ። በሩ ሥር የዘወትር ጫማዋ ቀርቷል፤ ለደህና ቀን የምታስቀምጠውን ጥቁሩን፣ ትንሽ ተረከዝ ያለውን አድርጋ ነው የሄደችው። ለመሰናበት ጫማ መርጣለች! አንጀቴን በላችው። ግን እውነቱን ልናገር፤ ዳቦውን እየገመጥኩም ቢሆን ልቤ ውስጥ "ምናልባት ነካክታ ይሆናላ" የሚል ነገር ነበር። ፕሮግራሙ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ዛሬ ምን ነካው? ይህን እያልኩ ኮቴን ለበስኩና ወደ ቢሮዬ ሄድኩ።

ቢሮ ውስጥ "ጉምሩክ" ነው የሚሉኝ። ሥራዬ ሌሎች ፕሮግራመሮች የጻፉትን ኮድ ከማለፉ በፊት ማንበብ ነው፤ እኔ ሳልፈትሽ የሚያልፍ ነገር የለም፣ ከፈተሽኩ ደግሞ ሳልወርስ የማልፈው የለም ይላሉ። ጠረጴዛችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከፊት ለፊቴ ጢሞ የምንለው፣ በዕድሜም በደግነትም የሚበልጠኝ ባልደረባዬ ይቀመጣል። የዚያን ዕለት ጠዋት የመጀመሪያው የሚፈተሽ ዕቃ የጢሞ ነበር። አነበብኩት። አንዱ መስመር ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ፤ የፋይል አድራሻ በእጁ ጽፏል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፎቶ የሚቀመጥበት አድራሻ አለው፤ ከእገሌ ቤት፣ ከመሃለኛው ክፍል፣ ከላይኛው መሳቢያ እንደ ማለት። በአድራሻው ውስጥ ቤቱን ከክፍሉ፣ ክፍሉን ከመሳቢያው የምትለይ አንዲት ዘመም ያለች ጭረት አለች፤ ስላሽ እንላታለን። ማሽንን ከሚያንቀሳቅሱት ፕሮግራሞች አንዱ፣ ዊንዶውስ፣ የተጫነበት ላይ ጭረቷ አናቷን ወደ ግራ ትጥላለች። ሌላው፣ ሊኑክስ፣ የተጫነበት ላይ ወደ ቀኝ። ወደ ግራ ያዘመመችውን ሊኑክስ እንደ በር አያያትም፤ እንደማንኛዋም ፊደል የስም አካል ናት ብሎ ዝም ይላታል። ስለዚህ የሚያስብ ፕሮግራመር ጭረቷን በእጁ አይጽፋትም፤ "ያለህበት ማሽን የሚያውቃትን ራስህ አስገባ" ብሎ ለፕሮግራሚንግ ቋንቋው ይተዋል። ይህን ጀማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የሳተውን ሰው ደግሞ እኔ አልምርም።

አፍንጫዬን ነፍቼ አስተያየቴን መጻፍ ጀመርኩ። "ይህ የሚሠራው በአንተ ማሽን ላይ ብቻ ነው። ጭረቷን በእጅ መጻፍ ከመቼ ጀምሮ ነው የተፈቀደው? ነገ ማሽኑ ቢቀየርስ?"

ጣቶቼ እዚያው ቆሙ። ማሽኑ ቢቀየርስ።

"ጉምሩክ፣ ምነው ዝም አልሽ?" አለ ጢሞ በስክሪኑ አናት ብቅ ብሎ። "የቀረ ስድብ ካለ ጨምሪው እንጂ፤ ለምዶብኛል።"

ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት እህቴ ደውላልኝ ነበር። "ሚጡ፣ ኮምፒውተራችን ሞተ" አለችኝ። "ጠጋኙ ሌላ አምጥቶልናል። እንደ ድሮው ዓይነት አይደለም፣ ሊኑክስ ነው፣ በነጻ ነው፣ ቫይረስም አይደፍረውም ይላል። ፕሮግራምሽ ላይ ችግር ያመጣ ይሆን?" እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስብሰባውም ስለ ቢሮው ወንበሮች ነበር። "ምንም ለውጥ የለውም እታለም፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ" ብያት ዘጋሁ። ሰው ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ተመልከቱ፤ ፕሮግራመር ያልሆነችው መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ በትክክል ጠየቀች፤ ፕሮግራመሯ የወንበር ቀለም ስትመርጥ ነበር።

የሁለት ዓመቱን ኮድ ከመዝገቤ አውጥቼ ከፈትኩ። አርባ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ በገዛ እጄ የተጻፉ፣ አናታቸውን ወደ ግራ የጣሉ አራት ጭረቶች ተደርድረው ይስቁብኛል። በቤቴ ላፕቶፕ፣ በዊንዶውስ የተጻፈ ነው፤ ያኔ ሌላ ማሽን በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም። ሌላው ቢጽፈው ሦስት ገጽ እሰድበው ነበር። ቢሮ ያለው ሊኑክስ ማሽን ላይ ፕሮግራሙን ጭኜ ሦስት የሙከራ ፎቶዎች ሰጠሁት። "ተጠናቋል፦ 3 ፎቶ ገብቷል" አለኝ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ። የዕለቱን ፎልደር ፈለግኩ፣ የለም። ወሩን ፈለግኩ፣ የለም። ይኸው፣ እህቴ ያየችው ይኼን ነው። ካርዱ ጸድቷል፣ ማሽኑ ገብቷል ይላል፣ ፎቶ የለም፤ ታዲያ ያጠፋው በመሃል ያለው ሰው ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ከዚያ አንድ ቦታ ማየት ቀረኝ። ፕሮግራሙ ራሱ የተቀመጠበትን ፎልደር ከፈትኩ። ሦስቱም ፎቶዎች እዚያ አሉ! አድራሻቸው ሙሉውን፣ ከነወሩ፣ ከነቀኑ፣ ከነደንበኛው፣ ከነጭረቱ ስማቸው ሆኖ፣ አንድ መስመር ተኩል ርዝመት ያለው ስም ተሸክመው ተቀምጠዋል። ማሽኑ በሮቹን ስላላያቸው አንድም ክፍል ሳይከፍት ሁሉንም መግቢያው ላይ አራግፏቸው ሄዷል። ምንም የጠፋ ነገር የለም። እህቴ ፎቶ ቤትም ሁለት ሳምንት ሙሉ የተነሳው ፎቶ ሁሉ ከአንድ ፎልደር ውስጥ ተከምሮ ይጠብቃል።

"አልጠፉም!" ብዬ ጮህኩ። ፎቁ በሙሉ ዞረ።

"ምኑ ነው ያልጠፋው?" አለ ጢሞ።

"ያንተን ኮድ አሳልፌዋለሁ!" አልኩት። ከዚያ ትዝ ሲለኝ፣ "አይ፣ አላሳልፈውም፤ ግን ይቅርታ አድርግልኝ" ብዬው ቦርሳዬን አነሳሁ። ስፈትሽና ስፈልግ ረፋዱ አልቆ፣ ሰዓቴን ሳይ ሰባት ከሩብ ሆኗል። በስምንት ሰዓት ጠጋኙ ማሽኑን ሊጠርገው ነው። አለቃዬ ከመስታወት ክፍሏ ስታየኝ "እህቴ ናት" አልኳት፤ ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ "ሂጂ፣ ሂጂ" አለችኝ።

ደረጃውን እየወረድኩ ለእህቴ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። እንደገና ደወልኩ፤ አሁን ሳይጠራ ተዘጋ። ኩርፊያዋ ከዳቦ ያላለፈ መስሎኝ ነበር። የፎቶ ቤቱን ስልክ ሞከርኩ፣ ተይዟል፤ የፎቶ ያለህ የሚል ደንበኛ ሁሉ እየደወለ መሆን አለበት። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥኩና መብራት ባቆመን ቁጥር ወንበሩን በጉልበቴ እገፋው ጀመር። "እህት፣ ወንበሩ ፍሬን የለውም፤ መኪናው ነው ያለው" አለኝ ሾፌሩ። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ጭኗ ላይ ጎመን የያዘች ሴት "ሆስፒታል ነው?" ብላ በሐዘኔታ ጠየቀችኝ። "ፎቶ ቤት ነው" ስላት ጎመኗን ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረገችው።

ፎቶ ቤቱ ከጫማ ማደሻና ከመነጽር መሸጫ መሃል የተሸጎጠ ባለ አንድ በር ክፍል ነው። ከውስጥ ሲገቡ በስተግራ የዋጋ ዝርዝሩ ተለጥፏል፤ ስድስት ጉርድ ፎቶ መቶ ሃምሳ፣ የቤተሰብ ትልቁ አራት መቶ፣ ኮትና ከረባት በነጻ። ኮቱ አንድ ነው፤ ለቀጭኑም ለወፍራሙም የሚሆነው ከኋላው በልብስ መቆንጠጫ ስለሚያዝ ነው። በስተቀኝ ባሕር የተሳለበት መጋረጃ ተዘርግቷል፤ ባሕሩ ላይ ያለችው መርከብ ትንሽ ዘመም ብላለች፤ ሠዓሊው ቸኩሎ ይሁን ንፋስ ፈልጎ አይታወቅም። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ "ጋሽ ፈገግ" ይላቸዋል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሰውን ሁሉ "ፈገግ በሉ" እያሉ ራሳቸው ፈገግ ሲሉ ያየ ሰው የለም። ስገባ ባንኮኒው ኋላ ቆመው ነበር፤ ፊታቸው ከወትሮውም ተቋጥሯል። እህቴ ጥቁር ጫማዋን አድርጋ የኅትመት ማሽኑን በጨርቅ ትወለውላለች። የቁልፉ ዘለላ ባንኮኒው ላይ ነው። ጠጋኙ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ነው። ከደንበኞች ወንበር ላይ ደግሞ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የተነገራቸው ነገር አልዋጥ ብሏቸው ይተያያሉ።

"በነጻ ደግሜ አነሳችኋለሁ አባባ" ይላሉ ጋሽ ፈገግ። "አሁኑኑ። ትልቁን አድርጌ።"

"እንዴት ብለህ ነው የምትደግመኝ?" አሉ አዛውንቱ። አፋቸውን ከፈት አድርገው ከፊት ባዶ የሆነውን ድዳቸውን በጣታቸው አሳዩ። "ያን ቀን እኮ ጥርሴ ነበረች! ባለፈው ረቡዕ ወለቀች። አንድ የቀረችኝ የፊት ጥርስ እሷ ነበረች፤ ለዚህ ፎቶ ብዬ ነው ያቆየኋት።"

"አርባ ሰባት ዓመት ስለምነው" አሉ ሚስትየው ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። "አንድ ቀን እሺ አለኝ፤ ያንኑ ቀን አጠፋችሁብኝ።"

እህቴ ጨርቁን ይዛ ዞረች። ጎንበስ ብላ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት አየኋት፤ እኔን ስታይ ግን አፏ እንደተከፈተ ቀረ። እኔም ሳልተነፍስ "ጠጋኙ፣ እንዳትነካው!" አልኩ።

"ሻዬን ልጨርስ ብዬ ነው እንጂ በነካሁት" አለ ጠጋኙ። ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ግማሹ ቀርቷል።

"ምን ልታደርጊ መጣሽ?" አሉኝ ጋሽ ፈገግ። "የተነካካው ይበቃል። እህትሽ አምናለች፤ ተነጋግረን ጨርሰናል።"

ታክሲ ውስጥ ሳለሁ የምናገረው ሁሉ ተደርድሮልኝ ነበር፤ ስለ ማሽኑ መለወጥ፣ ስለ ሁለቱ ዓይነት ጭረት፣ ሁሉም እውነት፣ ሁሉም ከእኔ ራቅ የሚያደርግ። እህቴን አየኋት። ዓይኗን ከእኔ አንስታ ወደ ጨርቁ መለሰች። አራት ቀን ሙሉ ያልተናገረችው ነገር ያ ጨርቅ ላይ ያለ ይመስል አጥፋ ዘርግታ ታጥፈዋለች።

"እሷ አልነካካችም ጋሼ" አልኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ፕሮግራሙን አበላሽቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ሲቀየር ደውላ ጠይቃኛለች፤ ሳላይ 'ምንም ለውጥ የለውም' ያልኳትም እኔ ነኝ። ፎቶዎቹ ጠፉ ስትለኝ 'ነካክተሽ ነው' ያልኳትም እኔው ነኝ።"

"አንቺ ዝም በይ!" አለች እህቴ። በአራት ቀን ውስጥ የነገረችኝ የመጀመሪያው ቃል ነው። "አትስሟት ጋሼ፣ ለኔ ብላ ነው። እሷ አትሳሳትም።"

"እሳሳታለሁ እታለም! አርባ ሦስተኛው መስመር ላይ!"

አርባ ሦስተኛው መስመር ምን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ባይኖርም ከባድ ነገር መሆኑ ለሁሉም ገብቷቸዋል። ጋሽ ፈገግ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "ፎቶዎቹስ?" አሉ።

"አሉ።"

"ልጅቷ ትክፈተው እንጂ ታዲያ! ምን ያቆማታል!" አሉ አዛውንቱ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። "የኔ ጥርስ እኮ ነው!"

ጠጋኙ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሁሉም ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር አግኝቼ ልከፍተው ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ። "እሱን አትንኪ!" አለችኝ ደንግጣ። "እጅሽን እንዳታስገቢበት ያልሽኝ ፎልደር እኮ ነው!"

እውነቷን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጣቴ እያሳየሁ፣ "የፈለግሽውን ክፈቺ፤ ከዚህኛው ግን እጅሽን እንዳታስገቢ" ብያት ነበር። ለዚህ ነው ያላገኘቻቸው። ጠጋኙ አዲሱን ማሽን ሲያመጣም ፎልደሩን ከሞተው ማሽን ዲስክ ላይ እንዳለ አዛውራ አስቀመጠችው እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ ከፍታ አላየችውም። ከሥራ ልትባረር ደርሳ፣ በየፎልደሩ ለአራት ቀን ስትባዝን፣ እኔ ብያለሁና ይህችን አንዷን አልነካችም። "ነካክተሽ ነው" ያልኳት ሴት በዓለም ላይ ካለ ሰው ሁሉ ያልነካካች እሷ ናት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ስክሪኑ ደብዘዝ አለብኝ፤ እንደምንም ከፈትኩት።

መጀመሪያ አንድ ረጅም ስም መጣ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ዝርዝሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አይቆምም። ከስር ቁጥሩ ወጣ፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስድስት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያ ባሕር ፊት የቆመ፣ የተቀመጠ፣ ከረባት የተዋሰ ሰው ሁሉ። እህቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ሚጡ" አለች በእጇ ውስጥ። "ሚጡ፣ ሁሉም?"

"ሁሉም።"

የአዛውንቶቹን ቀን ፈልጌ ከፈትኩ። ስክሪኑን ሞልተው ወጡ፤ ሚስትየው ተቀምጠው፣ ባልየው ኮቱን ለብሰው እጃቸውን የሚስታቸው ትከሻ ላይ አድርገው፣ ከኋላቸው ያዘመመችው መርከብ። ጋሽ ፈገግ ያን ቀን ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ ባልየው አፋቸውን እስከ ጥግ ከፍተው እየሳቁ ነው፤ ከመሃል አንዲት ጥርስ፣ ብቻዋን፣ ነጭ፣ ጠረጴዛ ላይ እንደ ቀረ ስኳር ቁልጭ ብላለች።

"ይቺትና!" አሉ አዛውንቱ። "ነበረችኝ አላልኩሽም?"

"ነበረችህ፣ ነበረችህ" አሉ ሚስትየው፤ ሳቃቸው ግን ከዓይናቸው ውሃ ይዞ ወጣ። "ትልቁን ነው የማሳትመው። ግድግዳው ላይ ነው የምሰቅላት።" ጥርሷን ይሁን ባላቸውን አልጠየቅኳቸውም። ጠጋኙ ሻዩን ጨልጦ ብርጭቆውን አስቀመጠና "ለዚህስ ሁለተኛ ሻይ ይገባል" ብሎ ወጥቶ ለሁላችንም አዘዘ።

አርባ ሦስተኛውን መስመር አስተካከልኩ፤ ጭረቶቹን ሰርዤ ማሽኑ ራሱ እንዲያስገባ አደረግኩ። ከዚያ አሥር መስመር የምትሆን ትንሽ ነገር ጽፌ እነዚያን ረጃጅም ስሞች ከየጭረታቸው ላይ እየቆረጠች፣ የጎደለውን ክፍል እየከፈተች፣ እያንዳንዱን ፎቶ ወደ ወሩና ወደ ቀኑ እንድታስገባ አዘዝኳት። እህቴ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ቁጥሩ ሲሮጥ ሁለታችንም ዝም ብለን አየን። ዝምታው የአራት ቀኑ ዓይነት አልነበረም፤ ክንዷ ክንዴን ይነካል፣ እሷም አላሸሸችው፣ እኔም። ሲያልቅ መዳፊቱን ከእጄ ወሰደችና ወሩን ከፈተች፣ ቀኑን ከፈተች፣ ሌላ ቀን ከፈተች፣ ሁሉንም። በመጨረሻ ተመልሳ የተከለከለችውን ፎልደር ራሷ ከፍታ ውስጡን በደንብ አየችው።

"ከእንግዲህ እጄን የማላስገባበት ፎልደር አለ?" አለችኝ።

"የለም እታለም። ቤትም ቢሆን የለም።"

ጋሽ ፈገግ የቁልፉን ዘለላ በባንኮኒው ላይ ገፋ አደረጉላት። "አሥራ አንድ ዓመት አውቅሻለሁ" አሉ። "አንድ ቀን ሳልጠይቅሽ ከአንቺ ይልቅ ማሽኑን አመንኩ። አጥፍቻለሁ ልጄ። ቁልፍሽን ያዢ።" እህቴ ቁልፉን አየችው፣ አላነሳችውም። "ከእርስዎ አይደለም የምቀበለው ጋሼ" አለች ቀስ ብላ። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ተነስቼ ቁልፉን በሁለት እጄ ያዝኩ። ቢሮ ውስጥ ለሰው ሁሉ ስህተቱን በሦስት ገጽ የምጽፍ ሰው ለራሴ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። "ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኩ በመጨረሻ። "ሳላይ ፈረድኩብሽ።" እህቴም "አሁን አምጪ" አለችኝና ቁልፉን ከነእጄ ያዘችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ከሰዓት በሙሉ ስልክ ነበር። ጋሽ ፈገግ በአንዱ ስልክ፣ እህቴ በሌላው፣ ተስፋ ለቆረጠው ደንበኛ ሁሉ ይደውላሉ። የኅትመት ማሽኑ ያለ ማቋረጥ ፎቶ ይተፋል፤ ጠጋኙ ሥራ ስላጣ ፎቶ ይቆርጣል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ፈገግ የፎቶ መብራታቸውን አብርተው "እናንተ ሁለታችሁ ባሕሩ ጋ ኑ" አሉን። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እህቴ እዚያ መጋረጃ ፊት ቆማ አታውቅም ለካ። ጸጉሬን ላበጥር ልብስ መቀየሪያዋ ውስጥ ገባሁ። መቀየሪያዋም እንደ ቤታችን መታጠቢያ በስስ ኮምፔንሳቶ ነው የተከለለችው፤ እህቴ የመጨረሻዋን ደንበኛ ስታናግር እያንዳንዱ ቃል ይሰማኛል።

"አዎ እመቤቴ፣ ተገኝቷል! ሁሉም!" ትላለች፤ ከአክብሮቷ ብዛት እየጮኸች። "አይ፣ እኔ አይደለሁም የነካካሁት። እህቴ ናት የተሳሳተችው። … አዎ፣ እሷው፣ ፕሮግራመሯ። … ጎበዝማ ናት! በጣም ጎበዝ ናት። ግን ትሳሳታለች።"

ማበጠሪያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ስለ እኔ ለሰው ከተነገረ ነገር ሁሉ እንዲህ ደስ ያለኝ የለም። ወጥቼ አጠገቧ ቆምኩ፤ እህቴ ኮሌታዬን አቃናችልኝ፣ ቁልፉ እጇ ውስጥ ይንሿሿል። ጋሽ ፈገግ ካሜራውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አንድ እጃቸውን አነሱ፤ ያን አርባ ዓመት ያሉትን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና፣ እኛን ሲያዩ ተዉት። ከካሜራው ስር ከንፈራቸው ራሱ ፈገግ ብሎ ነበር።